በአውራ ጣት ላይ የተገኘ ቀለበት

«አባባ፣ ቀለበት ካደረጉ ያውልቁና አውራ ጣትዎን እዚህ መስታወት ላይ ያሳርፉልኝ» አለችኝ ልጅቷ።

ባለፈው ወር ነው። ነቀምቴ ውስጥ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ ለአዲሱ መታወቂያ ልመዘገብ ሄጄ፣ ከማለዳ ጀምሮ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ፣ ተራዬ ሲደርስ። ልጅቷ የልጅ ልጄ እኩያ ናት፤ አንድ ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ሌላው ስልኳ ላይ። ከፊቷ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል፣ ከላይ መስታወት የለበሰች፣ ከሥር አረንጓዴ ብርሃን የምታበራ መሣሪያ ተቀምጣለች። ቀለም የለ፣ ወረቀት የለ፣ ላምባ የነካ ጨርቅ የለ። እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት።  ልጅቷ መሣሪያዋን የፈራሁ መስሏት አዘነችልኝ፤ «አይዞዎት አባባ፣ አያምም እኮ» አለች። እንደማያምማ አውቃለሁ። እኔ የፈራሁት መሣሪያዋን አልነበረም፣ የተናገረችውን ነው። ቀለበት፣ አውራ ጣት፣ መስታወት። እነዚህ ሦስት ቃላት ባንድ ላይ ሲጠሩ የሰማሁት በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ የመለስኳቸው እኔው ነበርኩ፤ በእኔ ምክንያትም አንድ ንጹሕ ሰው በገበያ መሃል ሊገረፍ ነበር።

ያኔ ነቀምቴን ለቀምት ነበር የምንላት። ጃንሆይ በዙፋናቸው ነበሩ፤ ዓመተ ምሕረቱን ግን አትጠይቁኝ፣ ከእጄ ካመለጠ ቆይቷል። የማልረሳው ሌላ ሌላውን ነው። ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ከጎኗ የምትቀመጠው ትኩስ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም፤ በአንድ ስሙኒ ጓደኛ ጋብዤ ቀብረር ብዬ እወጣ ነበር። ክረምቱ የወለጋ ክረምት ነው፣ ከግንቦት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መስከረም ይገባል። ቡና የጫኑ ኤንትሬ መኪኖች ጭቃ ውስጥ ሰምጠው ሲያጓሩ፣ እርጥብ የቡና ገለባ ሽታ ከተማውን ይሞላዋል። ከመኪና ማቆሚያው ማዶ አንዲት ቡና ቤት ነበረች፤ የሸክላ ማጫወቻዋ መርፌ ስላረጀ አንዱን የፍቅር ዘፈን «ነይ» የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ይዞ ያስቀረዋል፤ ባለቤቷ መጥታ በጣቷ ቸብ እስክታደርገው ድረስ ዘፋኙ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» እያለ ይለምናል። እኛ ወጣቶቹ ካኪ ሱሪያችንን በፍራሽ ሥር አስተኝተን እየተኮስን፣ ቴትሮን ሸሚዝ ለብሰን፣ እዚያ ጥግ ላይ ቆመን የሚያልፈውን እናያለን። እኔ ከሁሉም የምለየው በከረባቴ ነበር። ከዓረቡ ሱቅ በሦስት ብር የገዛኋት ቡናማ ከረባት። ሥራዬ ግድ ይለኝ ነበራ።

ሥራዬ የአውራጃው ፍርድ ቤትና የፖሊስ ጣቢያ ቱርጁማን፣ አስተርጓሚ ነበር። አባቴ ከጎጃም የመጡ ደብተራ፣ እናቴ የለቀምት ኦሮሞ። በሁለቱም ቋንቋ አፌን የፈታሁ ስለሆንኩ ሌላ ችሎታ አልተጠየቅኩም። ሕጉ ችሎት በአማርኛ ብቻ ይላል። ዳኛው የወለጋ ልጅ ነበሩ፣ ቤታቸው ገብተው ከእናታቸው ጋር የሚጫወቱት በኦሮምኛ ነው፤ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ግን አንዲት የኦሮምኛ ቃል አይሰሙም፣ አይናገሩም። ባላገሩ ፊታቸው ቆሞ ቀልድ ጣል ሲያደርግ ዓይናቸው ይስቃል፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «ምን አለ?» ይሉኛል። ተከሳሹ ኦሮሞ፣ ምስክሩ ኦሮሞ፣ ዘበኛው ኦሮሞ፣ ዳኛው ኦሮሞ፤ በሕግ ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ኦሮምኛ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያኔ ነገሩ ያስቀኝ ነበር። በኋላ ነው ያላሳቀኝ።

ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ከሸዋ የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፣ የትልቅ ሰው ዘመድ። አንድ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ምሳቸውን በልተው እንደ ልማዳቸው ጋደም ባሉበት የወርቅ ሐብላቸው ከመኝታ ቤቱ መስታወት ሥር ተወሰደ፤ ቀለበታቸውም ከጣታቸው ላይ ተመዞ ሄደ። «ስነቃ ጣቴ ባዶ ነው!» እያሉ በየደጁ ሲናገሩ፣ ሰው ለሐብሉ ያዝንላቸዋል፣ ለእንቅልፋቸው ይስቅባቸዋል። ሠራተኛቸው በዚያ ሰዓት ወደ ግቢ ሲገባ ያየችው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቢላ ከምትባል የገጠር ከተማ በቅል ማር ይዞ የሚመጣው ኦቦ ቶለራ። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው። ሰኞ ዕለት ያዙት። በዚያው ዕለት የሠራተኛዋን ቃል ላስተረጉም ከፖሊሶቹ ጋር ወይዘሮ አስካለ ቤት ገባሁ። ትልቅ መስታወት ነበር፣ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር የሚያሳይ። በለቀምት እንደዚያ ያለ መስታወት አይቼ አላውቅም ነበር። ማንም ሳያየኝ ፊቱ ቆምኩና ከረባቴን አስተካከልኩ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

የትልቅ ሰው ዘመድ ባይሆኑ ኖሮ ከአዲስ አበባ ሰው አይላክም ነበር። ሐሙስ ዕለት በላንድሮቨር አንድ ሻምበል መጣ። ባሕር ማዶ የጣት አሻራ ትምህርት ተምሮ የተመለሰ ነው አሉ። ቀጭን፣ ሽቱ የሚሸት፣ ድምፁን ፈጽሞ ከፍ የማያደርግ ሰው። እንዲያ ዝግ ብሎ የሚናገር ፖሊስ አይቼ ስለማላውቅ ይሁን አላውቅም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፈራሁት። የሚቆጣ ሰው መቼ እንደሚበርድለት ይታወቃል። ሻምበሉ ግን ሁልጊዜ ያው ነው። ከቆዳ ቦርሳው ለስላሳ ብሩሽና ጥቁር ዱቄት አወጣና መስታወቱን ሲዳብሰው፣ ምንም ያልነበረበት መስታወት ላይ ጣቶች ብቅ ብቅ አሉ። ሠራተኛዋ አማተበች። እኔ ወደ በሩ አፈገፈግኩ። አንዱ ከአንዱ ላይ እየተደራረበ አብዛኛው ተበላሽቷል፤ አንድ አውራ ጣት ብቻ ከነመስመሩ ጠርቶ ታየ። ሻምበሉ ፎቶ አነሳው።

ከምርመራው በፊት ጣቢያው ውስጥ ከጎኑ አስቀምጦ አስተማረኝ። ትንሽ የኪስ ደብተር አወጣ፤ በውስጡ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ሥዕልና ቃል ተደርድሯል። «ይህ ትምህርት እስከ ዛሬ አማርኛ አልነበረውም» አለኝ። «ቃሎቹን ያወጣሁት እኔ ነኝ። መስመሩ ከአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ጎን ከወጣ ቀስት ነው። ገብቶ፣ ዞሮ፣ በገባበት ከተመለሰ ቀለበት። ክብ እየሠራ ከተጠማዘዘ አዙሪት። አንዱ መስመር ሁለት ሲሆን መንታ፣ መንገድ ላይ ሲያልቅ ቁርጥ። ድገም።» ደገምኩ። «ሰውን ከሰው የሚለየው ግን ቀለበቱ አይደለም» አለ፤ «የመንታውና የቁርጡ ቦታ ነው። እሱን መቁጠር ጊዜ ይፈጃል፤ አዲስ አበባ ሄጄ በትልቁ ማጉያ ነው።» ሲናገር ደብተሩን ልጁን እንደሚዳብስ አባት ይዳብሰዋል። ሰው ቃል ሲወልድ እንዲህ ይወዳል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ከነዚያ ቃላት አንዱንም በኦሮምኛ ምን እንደምለው ግን አላሰብኩም። ኧረ ለመጠየቅም ፈራሁ።

ቶለራን አስገቡት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፣ ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሻምበሉ አሥሩንም ጣቶቹን በቀለም አንድ በአንድ እያንከባለለ ወረቀት ላይ አሳረፋቸው፣ በማጉያ አየና በረጋ ድምፁ «መስታወቱ ላይ ቀለበት ተገኝቷል። በአንተም አውራ ጣት ላይ ቀለበት አለ። ምን ትላለህ? በለው» አለኝ።

እኔም አልኩት። ቀለበት በኦሮምኛ ቁቤላ ነው፣ ጣት ላይ የሚደረገው ጌጥ። ሌላ ቃል አላወቅኩም፣ ሌላ ቃል ለማሰብም ትንፋሽ አልነበረኝም። «ቁቤላ ተገኝቷል፤ ጣትህም ላይ ቁቤላ አለ ይላል» አልኩት።

የቶለራ ፊት ሲገረጣ አየሁ። በቀለም የጠቆሩ እጆቹን አየ፣ ገለበጣቸው፣ እንደገና አየ። ከዚያ በኦሮምኛ፣ ለራሱ የሚናገር በሚመስል ድምፅ፣ «ማን ነገራችሁ?» አለ። «ማንም አላየኝም ነበር። አዎ፣ ወስጃለሁ። ከእጇ ላይ ነው ያወጣሁት። ቦቆቴ፤ ምንም አላወቀችም።»

ቦቆቴ ማለት ዐረፈች ማለት ነው። እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩት፤ «ወስጃለሁ፣ ከእጇ ላይ አወጣሁት፣ ዐርፋ ነበር፣ ምንም አላወቀችም ይላል።» ጸሐፊው ጻፈ። ሻምበሉ «ሐብሉስ?» አለ። ቶለራ «የምን ሐብል? ቁቤላዋን ብቻ ነው» አለ። ሻምበሉ ፈገግ አለ፤ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «እሱም ይመጣል» አለና የተጻፈውን ወረቀት ወደ ቶለራ ገፋለት። ቶለራ አውራ ጣቱን አሳረፈበት። የእምነት ቃል ከተገኘ መንታና ቁርጥ መቁጠር ምን ያደርጋል? ደብተሩ ተዘጋ። እኔም ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሻምበሉ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ ቱርጁማን» ብሎኛልና።

በሦስተኛው ቀን በእስር ቤቱ በር ሳልፍ አንዲት አሮጊት ጠሩኝ። ነጭ ነጠላቸው በዝናብ ረጥቧል፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቂጣና ጨጨብሳ ይዘዋል። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንተ ነህ የመንግሥት አፍ?» አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። የቶለራ አማት ነበሩ፣ አዴ ዲንቄ፤ «አዴ» እማማ እንደማለት ነው። ከቢላ ሁለት ቀን በእግር መጥተዋል። «ልጄ ሌሊሴ በወሊድ ሞታብኛለች፤ ይህ ሰው ግን ዛሬም ልጄ ነው» አሉ በኦሮምኛ። «እርሱ የሰው ወርቅ አይነካም። አንድ ነገር ልንገርህና ለትልቁ ሰው ንገርልኝ። ሌሊሴ የእናቴ የብር ቁቤላ ነበረቻት፣ እኔ ነኝ የሰጠኋት። ወንድሞቿ ይመለስልን ሲሉት፣ የለም፣ የሟች ገንዘብ ነው፣ ከእርሷ ጋር ቀብሬዋለሁ አላቸው። ቁቤላ ከሟች ጋር የሚቀብር ሰው እንዴት ከሰው ጣት ላይ ይሰርቃል?»

እርሳቸው ይህን የተናገሩት ሊያድኑት ብለው ነው። እኔ ግን መሬቱ ከሥሬ የሄደ መሰለኝ። ከእጇ ላይ አወጣሁት። ዐርፋ ነበር። በአማርኛም በኦሮምኛም የተኛ ያርፋል፣ የሞተም ያርፋል። ቶለራ የተናዘዘው የወይዘሮ አስካለን ቀለበት አልነበረም። ከሬሳ እጅ ላይ ያወጣውን፣ ቀበርኩት ብሎ የዋሸበትን፣ ማንም ያልጠየቀውን የሚስቱን ቁቤላ ነው። እኔ «ጣትህ ላይ ቁቤላ አለ» ስለው፣ መቃብሯን ቆፍረው ባዶ እጇን ያገኙ መስሎታል። አዴ ዲንቄን «እነግራለሁ» ብያቸው በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተትኩ ሄድኩ።

አልነገርኩም። ችሎቱ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር፤ በአሥሩም ቀን አልነገርኩም። በሐሰት የተረጎመ ቱርጁማን እንደሚታሰር አውቃለሁ፣ መሐላውን ያስማሉኝ ዳኛው ናቸው። ይህ አንዱ ፍርሃት ነው። የባሰው ግን ሻምበሉ ነበር። ቃሉን ያወጣው እርሱ፤ ቃልህ ሰው አሳሳተ ብዬ እንዴት ፊቱ እቆማለሁ? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያረፈበት ሆቴል ድረስ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ከፈተ። እጀ ጉርድ ለብሶ፣ ደብተሩን በእጁ ይዞ ነበር። «ምን ፈለግህ?» አለኝ ዝግ ብሎ። «ዝናቡን ሽሽት ነው ጌታዬ» አልኩት። ዝናብ አልነበረም። በዚያን ቀን ፀሐይ ወጥታ ነበር። ወደ ኋላዬ ሰማዩን አየና «አባርቷል» ብሎ በሩን ዘጋው። እዚያው በረንዳ ላይ ላቤን ጠረግኩ።

ለሌባ ግርፋት የተፈቀደበት ዘመን ነበር። ከዚያ ክረምት በፊት በነበረው በጋ አንዱን ገበያው መሃል ሲገርፉት ቆሜ አይቻለሁ፤ ቆሜ ያየሁት ያኔ ቱርጁማን ስለሆንኩ ነው፣ ፍርዱን በኦሮምኛ ለሕዝቡ ያሰማሁት እኔ ነኝ። የጅራፉ ድምፅ ከጩኸቱ ይቀድማል። እነዚያን አሥር ቀናት ምግብ አፌ አልገባም፤ የቡና ቤቷ ሸክላ «ነይ፣ ነይ» ባለ ቁጥር ጅራፉን የምቆጥር ይመስለኛል። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው ብላ ጠበል ወሰደችኝ። እኔም ለእናቴ እንኳ መናገር አልቻልኩም። አንዳንዴ ጣቴን ወደ ብርሃን አዙሬ አየዋለሁ። መስመሩ ገብቶ፣ ዞሮ፣ በገባበት ይመለሳል። ቀለበት ነው። ሌላውን ጣት አየዋለሁ፤ እሱም ቀለበት።

የችሎቱ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አዴ ዲንቄና ሁለቱ የሌሊሴ ወንድሞች ከፊት ተቀምጠዋል፣ ሻምበሉ ከጎን። ከረባቴን አስሬያለሁ፣ አንገቴን ታንቀኛለች። ክሱ ተነበበ፣ ተረጎምኩ። ቶለራ የወይዘሮ አስካለን ስም ሲሰማ ቀና አለ። ሐብል ሲባል ግራ ገባው። ቀለበት ሲባል ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ነገር የገባው ያን ጊዜ ነው። ስለ ሚስቱ ማንም አልጠየቀውም ነበር። ዳኛው «ቀለበቱን ወስደሃል ወይስ አልወሰድክም?» አሉ። ተረጎምኩለት። ቶለራ ወደ ኋላ ዞሮ አማቱን አያቸው።  አንዱ ሳለ፣ ሻምበሉ ሰዓቱን አየ። እኔ በልቤ «ተናገር» እለዋለሁ፣ በልቤ ደግሞ «አትናገር» እለዋለሁ። ከተናገረ እኔ ጠፋሁ፣ ካልተናገረ እርሱ።

ተናገረ። በኦሮምኛ፣ ከዳኛው ይልቅ ለአማቱ። ሌሊሴ ስትሞት እጇ ገና ሙቅ እንደነበረ፣ ሴቶቹ ሊገንዟት ከመግባታቸው በፊት ቁቤላዋን እንዳወጣት፣ ለምን እንደሆነ እርሱም እንደማያውቅ፣ ለወንድሞቿ ቀበርኳት ብሎ እንደዋሸ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው «ቶለራ» ብሎ በጠራው ቁጥር መቃብሯ የተከፈተ እየመሰለው እንደሚደነግጥ። በጋቢው ጥለት ውስጥ ሰፍቶ ይዟት እንደሚዞር። ጣቢያው ውስጥ ቁቤላ ተገኘ ሲሉት ይህቺው እንደመሰለችው።  ዘበኛው እንባውን በእጅጌው ጠረገ። አንደኛው ወንድም አቀርቅሯል። የሰሙት ሁሉ ሰምተዋል፤ በሕግ ግን ገና ማንም አልሰማም።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለ?»

 ሻምበሉ ያየኛል። ከአፌ የወጣው ይህ ነው፤ «ወስጃለሁ ይላል።»

ዛሬም፣ ስልሳ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ያችን ቃል ሳስታውስ ጆሮዬ ይግላል። ዳኛው አልተቆጡም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በካባቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «ቱርጁማን» አሉኝ፤ «ይህ ሰው ብዙ ተናገረ። አንተ ያመጣህልኝ አንድ ቃል ነው። ሌላውን የት ጣልከው?»

ዓይናቸው ውስጥ አየሁ። ሁሉንም ሰምተዋል። ሁሉንም ያውቃሉ። ግን እኔ ካልተናገርኩ ሊያውቁት አይችሉም። ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያወቀ ቶለራ ሊገረፍ የሚችለው በእኔ አፍ ምክንያት ብቻ ነበር።  ከረባቴን ላላ አድርጌ ተናገርኩ። የቶለራን ቃል አንድ ሳላስቀር፣ ከዚያም የራሴን። የሻምበሉ ቀለበት የመስመር ስም እንደሆነ፣ ሰውን ከሰው የሚለየው መንታና ቁርጡ እንደሆነ፣ እኔ ቁቤላ ብዬ የጣት ጌጥ እንዳደረግኩት፣ አሥር ቀን አውቄ ዝም እንዳልኩ። ፈርቼ እንደሆነም ተናገርኩ። ማንን ብለው አልጠየቁኝም።

ቶለራ የጋቢውን ጥለት በጥርሱ ተረተረ። ከውስጡ የጠቆረች፣ ቀጭን የብር ቀለበት ወጣች። የወይዘሮ አስካለ ቀለበት የወርቅ ነበር። ዳኛው ሻምበሉን «መንታና ቁርጥ ያልከው ተቆጥሯል?» አሉት። «አልተቆጠረም» አለ ሻምበሉ፣ በዚያው በረጋ ድምፁ፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። «ይቆጠር» አሉ፤ ቶለራን ግን በአማቱ ዋስነት ለቀቁት። በኋላ አዲስ አበባ ሲቆጠር የመስታወቱ አውራ ጣት የቶለራ አለመሆኑ ታወቀ። ዳኛው ያን ዕለት ወደ እኔም ዞረው እንዲህ አሉኝ፤ «ሳታውቅ በመሳሳትህ አልቀጣህም። አውቀህ ዝም ስላልክበት አሥር ቀን ግን ትታሰራለህ። ሦስት ወር።» ከሥራም ወጣሁ። ከረባቴን የእስር ቤቱ በር ላይ ተቀበሉኝ፣ አልመለሱልኝም።

የእስረኛ አሻራ ይነሣል። ያነሣኝ ሻምበሉ ራሱ ነው፣ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሱ በፊት። ጣቶቼን በቀለሙ ላይ አንድ በአንድ እያንከባለለ፣ በየጣቱ «ቀለበት» ይላል ለራሱ። ቀለበት። ቀለበት። አሥሩም። አይሰድበኝም፣ አይቆጣኝም። ጨርቁን በላምባ ነክሮ ሰጠኝና ስጠርግ እያየኝ፣ «ከአሥር ጣት ስድስት ሰባቱ ቀለበት ያለበት ሰው ሞልቷል። የአንተ አሥሩም ነው» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ሽቱው እስኪሸተኝ ተጠግቶ፣ «መስታወቱ ላይ ያለው ያንተ እንዳልሆነ በምን አወቅህ?» አለኝ።

ከረባቴን ያስተካከልኩበት መስታወት። ነክቼው ነበር? አልነካሁትም? ያን ጊዜም አላወቅኩም፣ ዛሬም አላውቅም። ሻምበሉ መልሱን ሳይነግረኝ ሄደ። ሌባውም አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት መኪና ደጄ ላይ በቆመ ቁጥር እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ።

እስር ቤት በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ጠያቂ መጣልህ ተባልኩ። አዴ ዲንቄ ነበሩ። ያው የረጠበ ነጠላ፣ ያው በቅጠል የተጠቀለለ ጨጨብሳ። ፊታቸውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። «ሂን ሶዳቲን፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ አትፍራ ልጄ ማለታቸው ነው። ምግቡን በፍርግርጉ አሳለፉልኝ። ከዚያ «ቶለራ ቁቤላዋን ቢጠይቀኝ ኖሮ እሰጠው ነበር» አሉ። «ወዲያው እንካ እለው ነበር። አንተም በዚያን ቀን እውነቱን ብትነግረኝ ዳኛው ደጅ የምሄድ እኔ ነበርኩ። ሁለታችሁም ማንን ነው የፈራችሁት?»  ከኋላቸው፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ቶለራ የማር ቅሉን ይዞ ቆሟል። አልተጠጋም፣ አልሸሸም። የሌሊሴ ቁቤላ በትንሿ ጣቱ ላይ ነበረች፣ እስከ መገጣጠሚያው ድረስ ብቻ ገብታ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። አውራ ጣቴን መስታወቷ ላይ አሳረፍኩላት። መሣሪያዋ ጮኸች። «አላነበበውም፣ ተፍቋል መሰለኝ አባባ» አለች። ሌላ ጣት፣ እሱም ጮኸ። መስመሮቼ አልቀዋል። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ከንፈሩን መጠጠልኝ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬ ቀለለኝ። በመጨረሻ የግራ ትንሿ ጣቴን ሞከረች፤ ድምፅ ሳያሰማ ስክሪኑ ላይ ትልቅ ሆኖ ወጣ። መስመሩ ገባ፣ ዞረ፣ በገባበት ተመለሰ።

«ቀለበት» አልኩ ሳላስበው።

«ያውልቁት ብዬዎት ነበር እኮ አባባ!» አለችና እጄን ይዛ ልትፈልግ ገለበጠችው። አንድም የለም። ቀና ብላ አየችኝ። «የመስመሩ ስም ነው ልጄ» አልኳት፣ በሌላው እጄ ስክሪኑን እያሳየሁ።